«ድምጿን ሰምተህ ና»፦ ከጎንደር እስከ መተማ ኾር

እኔ የበቅሎ ደላላ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚመጣው ነገር አንባቢን እንዳያስገርመው ብዬ ነው። የደላላ እንጀራው ጉሮሮው ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የእኔን ድምፅ ሳይሰማ የተመለሰ ጎንደሬ ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ገበያ ወጣሁ ያለው ውሸቱን ነው። ማስታወሻዬንም የምጽፈው «መተማ? ከወባና ከጊንጥ በቀር ምን አለበት?» ለሚለው ለአገሬ ሰው ነው። እኔም ትናንት እንደዚያው እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ እኅቴ ጥሩዬ ከባሏ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደደች። ሦስት ዓመት አለፈ። አንዱ ነጋዴ «ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞታለች» ብሎ አወራ፤ ሌላው «ኧረ አለች፣ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለ። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ምግብ አልዘልቃት ብሎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ በጥቂት አጥሚት ነው የቆየችው።

«ደብዳቤ እናስጽፍላት» አልኳት አንድ ቀን።

«ደብዳቤ ማንም ይጽፈዋል» አለችኝ። «አንተንም አውቅሃለሁ። አንካሳ በቅሎ 'እስክስታ ትወርዳለች' ብለህ የሸጥክ ሰው ነህ። ሄደህ በገዛ ጆሮህ ድምጿን ሰምተህ ና። ሰምተህ ብትመጣ አውቃለሁ፤ ሳትሰማ ብትመጣም አውቃለሁ።»

መተማ ላይ ስደተኛና ዘመድ ከወንዝ ወዲያና ወዲህ ሆኖ እንደሚነጋገር ወሬ ሰምተን ነበር። ከጣሊያኑ ሹም ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠንቼ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ወረቀቱ ከአርብ እስከ ሁለተኛው እሑድ፣ አሥር ቀን ብቻ ይላል። አንዲት ቀን ጨምሩልኝ ብዬ አፌ እስኪደርቅ ለመንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀት የያዘ ሞኝ ሲሆን ደግሞ እግዚአብሔር ያውጣ።

አርብ

ከአዘዞ በካሚዮን ወጣን። ካሚዮኑ ለወታደሩ ዱቄት የጫነ ነው፤ እኛ ከዱቄቱ ላይ ነን። ስንሳፈር ያለውን ግርግር ልንገራችሁ፦ አንዱ «ቦታዬን!» ይላል፣ አንዷ «እግሬን!» ትላለች፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ እጮሃለሁ። ደግሞም ደህና ቦታ አገኘሁ። እኛ ጎንደር የጮኸ ይቀመጣል፣ ዝም ያለ ይቆማል። ይህን የዓለም ሁሉ ሥርዓት ይመስለኝ ነበር።

ሰው ሰብሰብ ብሎ ካየሁ አፌ አያርፍም። አንዲት ተራጋጭ በቅሎ እንዴት እንደሸጥኩ ለተሳፋሪው አወራ ጀመር። የበቅሎዋን እርግጫ በእጄ ሳሳይ ስንቄን መታሁት። አሥር ቀን ይበቃኛል ያልኩት በሶ ከነአቁማዳው ገደል ገባ። በስመ አብ! ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅሁ።

አይከል ስንደርስ አንዲት ባልቴት አሳደሩኝ። ስንቄን እንዴት እንደጣልኩ ስነግራቸው አልሳቁም። «ውይ በሞትኩት፣ በረሃ ለሚወርድ ሰው!» ብለው አዲስ በሶ አስፈጭተው በትንሽ ስልቻ ቋጠሩልኝ። ሲሸኙኝም «ልጄ፣ ይህን እንኳ ጭነህ ሳለህ አታውራ» አሉኝ።

ቅዳሜ

ወደ ቆላ ወረድን። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ኮቴን፤ ከዚያ ወዲያ የሚወልቅ ነገር አጣሁ። ጎንደር ላይ «ሞቀኝ» የምንል ሰዎች ውሸታሞች ነን። እዚህ ነፋሱ እንኳ ምጣድ ላይ ዞሮ የመጣ ይመስላል።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጎማው እስኪጠገን ከአንድ ግራር ሥር ግማሽ ቀን ተቀመጥን። ገንዳ ውሃ ወንዝ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። በዚያ መንገድ የሚሠሩ የጎጃም ሰዎች ነበሩ። መጠለያቸውን አካፍለው የማሽላ እንጀራ በሰሊጥ አበሉን። ማሽላ እንጀራ ጎንደር ላይ ቢቀርብልኝ ኩርፊያ ነበር። እዚያ ግን ሦስት በላሁ፣ አራተኛውንም በዓይኔ በላሁት።

እሑድ

ኮኪት ስንደርስ አንዲት ቀጠን ያሉ አሮጊት ተሳፈሩ። እትዬ ስንዱ ይባላሉ፤ አባታቸው ከደጋ ወርዶ የሰፈረ የማሽላ ገበሬ ነበር። ልጃቸው ወንዙን ተሻግሮ ከተሰደደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ሰኞ ሊያነጋግሩት መተማ ይሄዱና አንድ ሰኞ ይቀራሉ፣ እንደጉልበታቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሳለሁ የማወራው እኔ ነበርኩና።

ስለ እናቴ ነገርኳቸው፣ ስለ ጥሩዬ ነገርኳቸው፣ ስለ ጣሊያኑ ጸሐፊ ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጄ፣ ጉሮሮህ አይታመምም?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ብረት ነው!»

«የሚሰማህስ ሰው ጆሮ?» አሉና ፈገግ ብለው ወደ እርሻው ዞሩ።

መተማ ገባን። ሣር ክዳን ቤቶች፣ የቆርቆሮ የጣሊያን ሰፈር፣ ባንዲራው። ከከተማው ወረድ ብሎ ኾሩ አለ። ኾር የሚሉት በጋ ደረቅ ሆኖ ክረምት የሚሞላውን ወንዝ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል፤ በቅሎ አስሩጦ ለመፈተን የሚበቃ ነው። ከወዲህ አስካሪ የሚባለው የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ከወዲያ ጋላባት ላይ የእንግሊዝ ፖሊስ ይጠብቃል። አሸዋው ላይ የረገጠ ሰው ወዮለት።

ማደሪያ ያገኘሁት ሼህ አደም ዘንድ ነው። ሼህ አደም ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ኾሩ ዳር በአጣና ቆመው በሣር የተከደኑ ሰፋፊ ዳሶች አሏቸው፤ ራኩባ ይሉታል። መንገደኛው ተራውን የሚጠብቀው እዚያ ነው። በጠፍር የተጠለፈ አልጋ ሰጡኝ፤ ክርስቲያን ነኝና ሥጋ እንዳይቸግረኝ ብለው የደረቀ ባሚያ ወጥ አሠሩልኝ። ወይካ ይሉታል። ያልቀመሰው ሰው ቀፈፈኝ ይላል፤ ይሙለጨለጫል። እኔም መጀመሪያ በሁለት ጣት ነበር የነካሁት። ሁለተኛውን ጉርሻ ግን ሳላኝከው ወረደ፤ ጥርስ የማይጠይቅ ወጥ ነው።

ሰኞ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ፤ በመጀመሪያ ግን ያፈርኩትን ልናዘዝ።

በጠዋት ወደ ራኩባው ስገባ ስድሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ያሳደገኝ ባህል አለና፣ ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነውና፣ ደረቴን ነፍቼ «እንደምን አደራችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ኾሩ ዳር ከድንጋይ ላይ ቆሞ ወዲያ ማዶ ካለች ሚስቱ ጋር ይነጋገር ነበር። ድምፄ የእሷን ቃል ዋጠው። ሰውዬው ዞሮ አየኝ። ስድሳውም ሰው ዞሮ አየኝ። አንድ ሰው እንኳ «ምን ያለ ባለጌ ነው!» አላለኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ፤ ሰላምታቸው ይህ ነበር። ሚስቲቱ ነገሩን ደገመችለት። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ከእትዬ ስንዱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ገልጬ አየሁ። ወይ ጉድ! የአህዮቹ ደወል በሣር ተወትፏል። አንዱ ነጋዴ ለገበያ ያመጣው አውራ ዶሮ ጨለማ እንዲመስለው ጆንያ ተከድኖበታል። ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እናቱ ከመድረሷ በፊት ከጎኗ ያለችው ጎረቤት አንስታ ራቅ ታደርገዋለች። ሳል የያዘው ሰው ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ይታገላል። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን አሸዋ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አስካሪው እንኳ፣ የጣሊያን አስካሪው፣ የቀበቶው ብረት እንዳይንቃጨል በእጁ ይዞት ይቆማል። ወዲያ ማዶም እንደዚሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ጥላ ጥላውን ይዞ ጸጥ።

የተራው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሼህ አደም ከግርጌው ጎኑ በምስማር የተበሳ የሳልሳ ቆርቆሮ አላቸው። ተራው የደረሰ ሰው ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ቆርቆሮውን ውሃ ሞልተው ከድንጋዩ አጠገብ ግንድ ላይ ያስቀምጡታል። ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ የእሱ ጊዜ ነው። ሀብታምም ይሁን ደሃ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ አንድ ቆርቆሮ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን አስካሪው ፊሽካ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል የተናገረ ይታሰራል። ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ጎንደር ላይ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ስንት ጠብ፣ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ዋስ በተጠራ! እዚህ ሁሉም የሌላውን ጉዳይ እንደራሱ ይጠብቅለታል። አንዲት ልጅ ወዲያ ማዶ ላለ አባቷ «ወንድ ልጅ ወለድኩ!» ስትል ስድሳው ሰው ፈገግ አለ፣ አንድ ሰው እንኳ እልል አላለም። እልልታ የሰውዬውን መልስ ይሸፍንበታላ!

ተራዬ ሲደርስ በዚያ ቀን የምችለው ስሟን ማስጠራት ብቻ ነበር። «ጥሩዬ ወልዴ፣ የጎንደር፣ የአንገረብ ሰፈር!» አልኩ። ወዲያ ማዶ አንድ ሰው «ስሟን ይዘናል! ካለች ለሐሙስ ትመጣለች!» ብሎ መለሰ። ካለች። ይህች ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ዋለች።

ማክሰኞና ረቡዕ

ሁለት ቀን ምንም ሳላደርግ ተቀመጥኩ። እንዴት እንዳለፈኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰማዩ በአይከል በኩል ጠቁሯል፤ ደጋ ላይ ዝናብ ጥሏል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኾሩ መሃል እንደ ገመድ የቀጠነች ውሃ መጣች።

ሼህ አደም ቆመው ሲያዩዋት ፊታቸው አላማረኝም።

«ምነው ሼህ?»

«ኾሩ ከሞላ ይጮሃል» አሉኝ። «እሱ ሲጮህ ደግሞ ሰው አይሰማም። እስከ መስከረም ድረስ ይዘጋል። ነገ የመጨረሻው ሐሙስ ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲህ ነገ ካልመጣችስ?»

«አላህ ያውቃል። ከመጣች ግን...» አሉና ጺማቸውን ዳሰሱ። «አይቀየሙኝ እንጂ፣ እርስዎ መናገሩን አሳምረው ነው የሚያውቁ። የተላኩት ግን ለመስማት ነው አይደል?»

«እንዴታ! ለመስማት ነው እንጂ» አልኩና፣ ለመስማት እንደመጣሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው።

ሐሙስ

አምስተኛ ተራ ደረሰኝ። የእትዬ ስንዱ ተራ የመጨረሻው ነበር። ኾሩ ከትናንት ሰፍቷል፣ ገና ግን አልጮኸም።

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ሼህ አደም ቆርቆሮውን ሞሉ። ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ወጣች። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ሰፊ ልብስ ከራስ እስከ እግሯ ተጠቅልላለች። ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ፊት አይለይም። ቁመቷ የጥሩዬን ይመስላል፤ ግን የስንቱ ሴት ቁመት የጥሩዬን ይመስላል!

«ጥሩዬ!» አልኩ። «እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? እግዚአብሔር ይመስገን! ባልሽ ደህና ነው? ጤናሽ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን! እማ ታማለች፣ አትደንግጪ፣ ደህና ነች! አጎታችን ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር! የምሥራቁ ጣሪያ ፈርሶ ሠራነው! ዳማዋን በቅሎ ሸጥናት! ሞተሻል ብለው አወሩብን፣ እኔ ግን አላመንኩም!...»

አላመንኩም ያልኩት ውሸት ነው፤ አምኜ ነበር። ሴቲቱ እጇን አነሳች። አፏን ስትከፍት አየሁ። ይህችን ብቻ ልጨርስ አልኩ። እንደገና እጇን አነሳች። ስለ ጎረቤቶቻችን ሰላምታ ገና አልነገርኳትም ነበርና ቀጠልኩ። የአንዱን ስም ጠርቼ ወደ ሌላው ስሄድ ሼህ አደም ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

ቆርቆሮው ደርቋል።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ። ሦስት ቀን በዱቄት ላይ ተቀምጬ፣ አራት ቀን በሙቀት ተቀቅዬ፣ አንዲት ቃል ሳልሰማ ተራዬን በገዛ አፌ በላሁት። ሴቲቱ ከድንጋዩ ወርዳ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች። ጥሩዬ ትሁን፣ ሌላ ሴት ትሁን፣ በምን ልወቅ? ነገ ካሚዮኑ ይመለሳል። እሑድ ወረቀቴ ያልቃል። ኾሩ ይሞላል። እናቴ ደግሞ «ሳትሰማ ብትመጣ አውቃለሁ» ብላለች።

ተመልሼ ራኩባው ውስጥ ተቀመጥኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ማልቀሴን መደበቅ አልችልም፤ አለቀስኩ። እዚያም ቢሆን ሥርዓቱን ጠበቅሁ፣ ድምፅ አላሰማሁም።

ሌሎቹ ተናገሩ፣ ወረዱ። ፀሐይ አናት ልትደርስ ስትል የእትዬ ስንዱ ተራ ሆነ። ድንጋዩ ላይ ወጡ፤ ልጃቸው ወዲያ ማዶ ወጣ። እሳቸው እንደኔ አይደሉም። «ደህና ነህ?» ብለው ዝም አሉ። እሱ መለሰ። «ወባው ተወህ?» ብለው ዝም አሉ። መለሰ። ሦስተኛ ነገር ጠይቀው መልሱን እንደሰሙ ጎንበስ አሉና በአውራ ጣታቸው የቆርቆሮውን ቀዳዳ ደፈኑ።

ውሃው ቆመ። ግማሹ ገና አለ። ልጃቸውን በሌላው እጃቸው «ቆይ» አሉት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአገጫቸው «ና» አሉኝ።

ተነሣሁ፣ ግን ባለሁበት ቆምኩ። እናት ልጇን የምትሰማበትን ውሃ ከእጇ እንዴት እወስዳለሁ? ሼህ አደምን አየሁ። ሥርዓቱ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም መሰለኝ፤ ራኩባውን ዞረው ተመለከቱ። ስድሳው ሰው አንድ በአንድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ማዶም ነገሩ ገብቷቸው ያችን ሴት ገፋ ገፋ አድርገው አወጧት። እትዬ ስንዱ ዓይን ዓይኔን አዩኝና ጣታቸውን አነሱ። ውሃው ጠብ አለ።

እኔ አፌን በመዳፌ ከደንኩ።

ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ውሃዋ ስትወርድ ይሰማኛል። ከዚያ ከማዶ መጣ፦

«አያ! አለሁ! አልሞትኩም!»

እሷ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የ«አያ»ን ጫፍ የምትጎትተው ነገር አላት፣ አንድ ነገር ስትለምነኝ። መዳፌን ግን ከአፌ አላነሳሁም።

«ባሌ ጥጥ ለቀማ ላይ ነው! ደህና ነን!» አለች። ቆርቆሮው ወደ ማለቁ ነው። እንግዲህ ለእናቷ የምትልከውን ቃል ልትናገር ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን፣ ናፍቆቱን፣ ዕንባውን።

«የእማ ያ የመንጋጋ ጥርስ ወለቀላት ወይ?»

ምን? የምን ጥርስ? እናቴ ጥርሷን ታማ አታውቅም፤ ታማ እንደሆነም የነገረኝ የለም። ስድሳ ሰው ከወዲህ፣ ስድሳ ሰው ከወዲያ መልሴን ይጠብቃል። እኔ በሃያ ዓመት የድለላ ሥራ ስለማንኛዋም በቅሎ ጥርስ ተጠይቄ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። እጄን ከአፌ አነሳሁና እንዲህ አልኩ፦

«አላውቅም!»

መጀመሪያ የሳቀው አስካሪው ነው። ከዚያ ራኩባው በሙሉ፣ ከዚያ ማዶ፤ ሼህ አደም ጺማቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ጥሩዬም ስትስቅ ሰማኋት፣ ያንኑ ሳቋን። የመጨረሻዋ ጠብታ ወረደች፣ ፊሽካውም ተነፋ።

የእትዬ ስንዱን እግር ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዙኝ። «ተው ልጄ። የኔን ልጅ ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ወባው ትቶታል። ትርፉ ወሬ ነው።»

አርብ፣ መመለሻ

ካሚዮኑ ሊነሣ ሲል እትዬ ስንዱ አንድ ቋጠሮ አመጡልኝ። የደረቀ ወይካ ነው። «ለእናትህ ጥርስ። ሳታኝክ ትዋጠው» አሉኝ። ሼህ አደም ጨው ጨመሩበት። መተማ ሁሉ የእናቴን ጥርስ አወቀ፤ እኔ ልጇ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ኾሩ ሞልቶ ሲጮህ እስከ ካሚዮኑ ድረስ ይሰማል።

ገንዳ ውሃ ላይ፣ አይከል ላይ አንድ ነገር ያብሰለስለኝ ነበር። ለምታጣጥር እናት «ጥርስሽ ወለቀ ወይ» የሚል መልእክት ይዞ መግባት ምን ይባላል? የሚያምር ነገር ላዘጋጅላት ብዬ መንገዱን ሙሉ ስሰፋው መጣሁ። ለሥራዬ አልሰነፍኩም።

እሑድ

እናቴ እንደተውኳት ነች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳው።

«ሰማሃት?»

«ሰማኋት፣ እማ።»

«ምን አለች?»

«'እናቴ ሆይ፣ ሌሊትና ቀን ስምሽን እየጠራሁ፣ የፍቅርሽ ናፍቆት አንጀቴን...'»

«ይህ ያንተ ነው» አለች፤ አልዞረችም። «የእሷን ንገረኝ።»

አፈርኩ። እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ምን ይደረግ። «እማ፣ ሌላ ያለችው የለም። 'አለሁ፣ አልሞትኩም፣ ባሌ ጥጥ ለቀማ ላይ ነው' አለች። ከዚያ... 'የእማ ያ የመንጋጋ ጥርስ ወለቀላት ወይ' አለች።»

እናቴ ዝም አለች። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ መተማ ሄጄ ያተረፍኩት ይህን ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ፊቷ በዕንባ ርሷል፣ ግን ትስቃለች።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «ለማንም! ሊሰደዱ ሲነሡ ሌሊቱን እሷ ናት በቅርንፉድ ያሸችልኝ። ልጄ አለች። ልጄ በሕይወት አለች!» ከዚያ አፏን ከፍታ በጣቷ አሳየችኝ። «ና፣ እይ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በዕድሜዬ የሺህ በቅሎ ጥርስ ያየሁ ሰው የእናቴን ጥርስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ይነቃነቃል፣ ድዱ አብጧል። እኛ ከሐዘን የተነሣ ምግብ አልዘለቃትም ስንል፣ ለካ ሐዘኑም ሐዘን ነው፣ ማኘኩም አልተቻላትም ኖሯል። ያን ቀን ማታ ወይካውን አሠራሁላት። አንድ ሳህን ጨረሰች።

«አልወለቀም በላት» አለችኝ እጇን እየታጠበች።

«እማ፣ ኾሩ ሞልቷል። እስከ መስከረም አይሰማም።»

«እንግዲያስ በመስከረም ሄደህ በላት። እስከዚያ አላስነቅለውም።»

ይህን ስጽፍ ነሐሴ ተጋምሷል። ጠዋት ጠዋት ከመኝታዋ ተነሥታ በምላሷ ትነካካዋለች፤ እኔም ምንም ሳልናገር አጠገቧ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጥርሱ አለ፣ እናቴም አለች።